የአቶም አወቃቀር እውቀት እንዴት እንደዳበረ እና ለጨረራ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ያለው ፋይዳ

ለራጅ ምርመራ ወደ ጤና ተቋማት የሚቀርቡ ተገልጋዮች ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ጨረራው በሰውነቴ ውስጥ ይቀራል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አይቀርም። ይሁን እንጂ በኑክሌር ሕክምና ክፍል ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የወሰደ ታካሚ ተመሳሳዩን ጥያቄ ቢያቀርብ መልሱ ይለያል፤ ለተወሰነ ጊዜ ይቀራል። ሁለቱም አገልግሎቶች «ጨረራ» በሚል አንድ ስም ቢጠሩም ጨረራው የሚመነጭበት ሁኔታ አንድ አይደለም።

ይህ ልዩነት ሊታወቅ የቻለው ሳይንቲስቶች ስለ አቶም አወቃቀር የነበራቸውን አስተሳሰብ በሙከራ እየፈተኑና እያረሙ በመምጣታቸው ነው። ይህ ጽሑፍ የእውቀቱን አካሄድ በማብራራት ዜጎች የጨረራ አገልግሎት ሲያገኙ ተገቢውን ጥያቄ እንዲጠይቁና ራሳቸውን ከጉዳት እንዲጠብቁ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍልስፍና ወደ ሚዛን

ቁስ አካል ሁሉ ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚለው ሐሳብ በጥንቷ ግሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሌውኪፐስና በዴሞክሪተስ ተነሥቶ ነበር። «አቶም» የሚለው ቃልም በግሪክ ቋንቋ «የማይከፈል» ማለት ነው። ሐሳቡ ግን በምርምር የተደገፈ ስላልነበረ ሁሉም ነገር ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከአየርና ከእሳት የተሠራ ነው የሚለው የአሪስጣጣሊስ ትምህርት ለረጅም ዘመናት የበላይነቱን ይዞ ቆይቷል።

አቶምን ከፍልስፍና ወደ ሳይንስ ያሸጋገረው እንግሊዛዊው መምህር ጆን ዳልተን ነው። ዳልተን በ1808 ማሳተም በጀመረው የኬሚስትሪ መጽሐፉ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ከራሱ ዓይነት አቶሞች የተሠራ መሆኑን፣ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ክብደታቸው እኩል መሆኑንና ውሕዶች የሚፈጠሩት አቶሞች በሙሉ ቁጥር ሲጣመሩ መሆኑን አስረዳ። መነሻውም ንጥረ ነገሮች ሲዋሐዱ በሚዛን የሚታየው ቋሚ የክብደት ንጽጽር ነበር።

ዳልተን ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ውኃ ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን አቶም የተሠራ ይመስለው ነበር፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ሃይድሮጅኑ ሁለት መሆኑ ታወቀ። አቶም ከቶ አይከፈልም የሚለው እምነቱም ቢሆን ከዘጠና ዓመት በላይ አልዘለቀም።

የማይከፈለው ሲከፈል

በ1895 ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን በቩርዝቡርግ ከተማ በቤተ ሙከራው ሲሠራ በካርቶንና በሰው ሥጋ ውስጥ የሚያልፍ፣ በአጥንት ግን የሚገታ ያልታወቀ ጨረር አገኘ። ምንነቱ ስላልታወቀ «ኤክስ» የሚል መጠሪያ ሰጠው። ዛሬ በአገራችን ራጅ በሚል የሚታወቀው ምርመራ መነሻው ይኸው ግኝት ነው። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል የዩራኒየም ጨው ፀሐይ ሳይነካውና ኤሌክትሪክ ሳይገናኘው በጨለማ ውስጥ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ሊያጠቁር እንደሚችል ተመለከተ። ማሪ እና ፒየር ኩሪ ደግሞ በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮችን ለዓለም አስተዋወቁ።

በእነዚሁ ዓመታት፣ በ1897፣ ጄ. ጄ. ቶምሰን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኤሌክትሮን የተባለውን ቅንጣት አገኘ። ኤሌክትሮን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ሲሆን ክብደቱ ከሃይድሮጅን አቶም 1,800 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ «የማይከፈል» የተባለው አቶም ከእርሱ ያነሱ ክፍሎች እንዳሉት ተረጋገጠ። ቶምሰን አቶምን አዎንታዊ ቻርጅ በመላ አካሉ የተሰራጨበትና ኤሌክትሮኖች በውስጡ የተሰገሰጉበት አድርጎ ገለጸው። አገላለጹን በሊጡ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ከተቀላቀለበት ድፎ ዳቦ ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ዳቦው አዎንታዊው ቻርጅ፣ አዝሙዱ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው።

የወርቅ ቅጠሉ ሙከራ

የቶምሰን አገላለጽ የተፈተነው በኒውዚላንድ ተወላጁ በኧርነስት ራዘርፎርድ የማንቸስተር ቤተ ሙከራ ነው። የራዘርፎርድ የሥራ ባልደረቦች ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን በ1909 አልፋ የተባሉ ፈጣን ቅንጣቶችን እጅግ ስስ በሆነ የወርቅ ቅጠል ላይ አነጣጠሩ። አቶም እንደ ዳቦው ልል ቢሆን ኖሮ ቅንጣቶቹ በሙሉ ብዙ ሳይዛነፉ ማለፍ ነበረባቸው። አብዛኞቹም አለፉ። ከብዙ ሺዎች መካከል ጥቂቶቹ ግን ግድግዳ የገጠማቸው ይመስል ወደ ኋላ ተመለሱ።

ራዘርፎርድ በ1911 የደረሰበት መደምደሚያ አቶም አብዛኛው ክፍሉ ባዶ መሆኑን፣ ክብደቱ ከሞላ ጎደል በሙሉና አዎንታዊ ቻርጁም መሀል ላይ ባለች እጅግ ጥቃቅን ስፍራ መታመቁን የሚገልጽ ነበር። ይህች ስፍራ ኒውክለስ ተባለች። አንድ የወርቅ አቶም የስታዲየም ያህል ቢሰፋ ኒውክለሱ በሜዳው መሀል ከተቀመጠች አንዲት ሽምብራ አይበልጥም።

ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር በ1913 ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ዙሪያ እንደፈለጉ ሳይሆን በተወሰኑ የኃይል እርከኖች ብቻ እንደሚገኙ አስረዳ። ኤሌክትሮን ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ሲወርድ በሁለቱ መካከል ያለውን የኃይል ልዩነት በብርሃን መልክ ይለቃል። በዚያው ዓመት ወጣቱ እንግሊዛዊ ሄንሪ ሞዝሊ ንጥረ ነገሮች የሚለቁትን ኤክስ ጨረር በመለካት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በኒውክለሱ ባለው አዎንታዊ ቻርጅ መጠን እንደሚለይ አሳየ። ሞዝሊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 በጋሊፖሊ ግንባር በ27 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል።

የኒውክለሱ ውስጠኛ ክፍል

ራዘርፎርድ ከ1917 ጀምሮ ባካሄዳቸው ሙከራዎች በኒውክለስ ውስጥ አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖች መኖራቸውን አረጋገጠ። ጄምስ ቻድዊክም በ1932 ምንም ቻርጅ የሌለውን ኒውትሮን አገኘ። በዚህም ፍሬድሪክ ሶዲ ቀደም ብሎ አይሶቶፕ ብሎ የሰየማቸው የአንድ ንጥረ ነገር ልዩ ልዩ ዓይነቶች ምሥጢር ግልጽ ሆነ። አይሶቶፖች የፕሮቶናቸው ቁጥር እኩል፣ የኒውትሮናቸው ቁጥር ግን የተለያየ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የረጉ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ኒውክለሳቸው ያልተረጋጋ በመሆኑ በጊዜ ሂደት ጨረራ እየለቀቁ ይለወጣሉ። ራዲዮአክቲቭ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

በ1934 ኢሬን እና ፍሬድሪክ ዦልዮ ኩሪ በተፈጥሮ የረጉ ንጥረ ነገሮችን በሙከራ ወደ ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፖች መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። በአሁኑ ጊዜ በሆስፒታሎች አገልግሎት ላይ የሚውሉት አብዛኞቹ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች በዚህ መንገድ በሰው ጥረት የሚመረቱ ናቸው።

የቦር አገላለጽም በተራው ታርሟል። ኤርዊን ሽሮዲንገርና ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1920ዎቹ ያዳበሩት የኳንተም ሜካኒክስ ትምህርት እንደሚያስረዳው ኤሌክትሮን ፀሐይን እንደምትዞር ፕላኔት የተሠመረ መንገድ የለውም፤ በአንድ ስፍራ የመገኘት ዕድሉ ብቻ ነው የሚሰላው። ፕሮቶንና ኒውትሮንም ቢሆኑ ኳርክ ከተባሉ ቅንጣቶች የተሠሩ መሆናቸው በ1960ዎቹ ታውቋል።

ማጥፊያ ያለውና ማጥፊያ የሌለው ጨረራ

ከላይ የተገለጸው እውቀት ለተገልጋዩ ያለው ፋይዳ በዚህ ነጥብ ይጠቃለላል። በራጅ ማሽን ውስጥ ኤሌክትሮኖች በኤሌክትሪክ ኃይል ተገፍተው ከብረት ጋር ሲላተሙ በድንገት ይገታሉ፤ ከኃይላቸውም ጥቂቱ ወደ ኤክስ ጨረር ይለወጣል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጨረሩ በዚያው ቅጽበት ያበቃል። ለምርመራ የሚውለው ኤክስ ጨረር የታካሚውን አቶሞች ኒውክለስ ስለማይለውጥ ሰውነቱ ጨረራ አመንጪ አይሆንም። ከራጅ ክፍል የወጣ ሰው ልጁን ቢያቅፍ በልጁ ላይ የሚደርስ የጨረራ ጉዳት የለም።

የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ጨረራ ግን ከኒውክለሱ የሚመነጭ ነው። ኒውክለስን እሳት አያበርደውም፣ ውኃ አያጥበውም፣ መቆለፊያም አያስቆመውም፤ የሚቀንሰው በራሱ ጊዜ ብቻ ነው። ግማሹ ለመለወጥ የሚወስደው ጊዜ ለሕክምና ምስል በሚውለው ቴክኒሺየም 99ኤም 6 ሰዓት፣ ለእንቅርት ሕክምና በሚሰጠው አዮዲን 131 8 ቀን፣ ለካንሰር ጨረራ ሕክምና በሚያገለግለው ኮባልት 60 ከ5 ዓመት በላይ፣ በራዲየም 226 ደግሞ 1,600 ዓመት ያህል ነው። በተጨማሪም በሰውነት ውስጥ የገባው መድኃኒት በሽንትና በሌሎች ፈሳሾች ይወገዳል።

ሁለቱም የጨረራ ዓይነቶች ኤሌክትሮኖችን ከአቶሞች የማላቀቅ ኃይል ስላላቸው ከመጠን ሲያልፉ ሕዋሳትን ይጎዳሉ። ይህ በአግባቡ ባልታወቀበት ዘመን የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በኤክስ ጨረር ሙከራ ሳቢያ እጆቹን አጥቶ በ1904 ሞቷል። ማሪ ኩሪም በ1934 ያረፈችው ከጨረራ ጋር በተያያዘ የደም ሕመም ነው።

እውቀቱ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ለሕዝብ ካልደረሰ አደጋው አይቀርም። በመስከረም 1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ሰዎች ከተተወ የሕክምና ማእከል ሲዝየም 137 የያዘ መሣሪያ አውጥተው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡ። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት ድንቅ ነገር መስሏቸው ለቤተሰብና ለወዳጅ አከፋፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበከሉ፤ ከ112,000 በላይ ነዋሪዎችም መመርመር ነበረባቸው። ከሞቱት መካከል የስድስት ዓመት ሕፃን ትገኝበታለች።

ተገልጋዮች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. ሐኪም ያዘዘውን የራጅ ምርመራ በፍርሃት ማስቀረት አይገባም። የአንድ የደረት ራጅ ጨረራ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ አንድ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ምንጮች የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምርመራ መጠየቅም በተመሳሳይ ተገቢ አይደለም።

2. የሲቲ ስካን ምርመራ ከደረት ራጅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨረራ ይጠቀማል። አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ግን ይህን ዓይነት ጨረራ አይጠቀሙም። ተገልጋዩ አማራጭ ስለመኖሩ ሐኪሙን የመጠየቅ መብት አለው።

3. ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምትገምት ተገልጋይ ከምርመራው በፊት ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርባታል።

4. ቀደም ሲል የተነሡትን የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ውጤት ይዞ መቅረብ ሳያስፈልግ ምርመራ እንዳይደገም ይረዳል።

5. ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የወሰደ ታካሚ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ ያለበትን ጊዜ፣ እንዲሁም የመጸዳጃ ንጽሕና አጠባበቁን በተመለከተ የሚሰጠውን መመሪያ በጥንቃቄ መፈጸም አለበት።

6. በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ክንፎች ያሉት የጨረራ ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ ያገኘ ማንኛውም ሰው፣ በተለይም ቁራሌዎችና የብረታ ብረት ነጋዴዎች፣ ዕቃውን ሳይነኩና ሳይከፍቱ ከስፍራው ርቀው ሌሎችም እንዳይቀርቡ በማድረግ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ዕቃው ያረጀና የተጣለ መሆኑ ጨረራው ማብቃቱን አያመለክትም።

በአቶም ውስጥ የተደበቀውን ኃይል ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ምርምር አስፈልጓል። ከዚህ እውቀት በሰላም ለመጠቀም ግን ተገልጋዩ ወደ ጨረራ ክፍል ከመግባቱ በፊት «ጨረራው የሚመነጨው ከማሽን ነው ወይስ ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር?» ብሎ መጠየቁ መልካም መነሻ ይሆነዋል።