ከታላላቆቹ ጋር ይሰለፍ?

በአሜሪካ የታዳጊዎች እግር ኳስ አንድ ልጅ በየትኛው ቡድን እንደሚመዘገብ የሚወስነው የልደት ቀኑ ነው። የመቁረጫው ቀን ራሱ ግን አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የተወለዱ ልጆች በአንድ እርከን እንዲመዘገቡ አስገደደ። የታሰበው ከዓለም አቀፉ አሠራር ጋር መስማማት ነበር። የሆነው ግን የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ለሁለት መክፈል ነው፤ በኦክቶበር የተወለደው ልጅ የክፍል ጓደኞቹን ትቶ ከእሱ አንድ ክፍል ከሚበልጡት ጋር ተመደበ። ቅሬታው አልበርድ ሲል ትልልቆቹ የታዳጊ እግር ኳስ ድርጅቶች ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ መቁረጫውን ወደ ኦገስት 1 ለመመለስ ወሰኑ።

ቡድን ሲፈርስና ሲሠራ አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ጎበዝ የተባለ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይቆይ ወይስ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ከታላላቆቹ ጋር ይሰለፍ? በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር የሚቆሙ የእኛ አገር ወላጆችም ይህን ክርክር በደንብ ያውቁታል።

አባቶች ብዙውን ጊዜ መልሳቸው ዝግጁ ነው፤ «እኛ ያደግነው ከታላላቆቻችን ጋር እየተጫወትን ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሰፈር ሜዳ ላይ የልደት ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ትንሹ መጀመሪያ በረኛ ይደረጋል፣ ኳሷ ቱቦ ውስጥ ስትገባም የሚያወጣት እሱ ነው፤ እየዋለ እያደረ አብዶ መሥራት ይለምዳል፣ አንድ ቀን ታላላቆቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ግን ያ ልጅ ሲመታ ወይም ሲሰለቸው ዞር ብሎ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፤ እዚያ ደግሞ አለቃው እሱ ነው። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ታናሽም ታላቅም ይሆን ነበር። እዚህ ግን ልጁ በትራይአውት (በመምረጫ ሙከራ) አንድ ቡድን ይገባል፣ ክፍያው ይከፈላል፣ ማሊያው ይታዘዛል፣ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቦታው እዚያው ነው። ለእኔ ዋናው ልዩነት ከታላላቅ ጋር መጫወቱ ሳይሆን መመለሻ ማጣቱ ነው።

ሌላው ነገር «ጎበዝ» የምንለው ማን እንደሆነ ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮጀር ባርንስሊ በ1980ዎቹ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ቀን ሲያጠና፣ የተመረጡት ልጆች በብዛት በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ሆነው አገኛቸው። በኋላ በእግር ኳስም ያው ታየ። የሚገርመው የቤልጂየሙ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር የመቁረጫው ቀን በ1997 ከኦገስት 1 ወደ ጃንዋሪ 1 ሲዛወር፣ ቬርነር ሄልሰንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ የተመራጮቹ የልደት ወርም አብሮ ተዛወረ። በአንድ የቢሮ ውሳኔ የኦገስት ልጆች ተሰጥኦ ጠፍቶ የጃንዋሪ ልጆች ተሰጥኦ ሊበቅል አይችልም። መራጮቹ እንደ ችሎታ ያዩት በከፊል ዕድሜን ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች የሚነካ አንድ ነገር አለ። በስደተኝነት ከመጡ ልጆች መካከል የልደት ቀናቸው በትክክል ስላልታወቀ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ጥቂት አይደሉም። መቁረጫው ጃንዋሪ 1 በሆነበት አሠራር በወረቀት የቡድኑ ታላቅ ይሆናሉ፤ በአካል ግን የመጨረሻው ታናሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

የልደት ቀን ደግሞ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። በአንድ ሳምንት የተወለዱ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በአካል እድገት በዓመታት ሊበላለጡ ይችላሉ። አንድ የዚህ ዕድሜ ጨዋታ ላይ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ጢሙ ሊያቀመቅም የደረሰ አጥቂ አለ፤ ኳሷን ወደ ፊት ይጠልዛል፣ ራሱ ሮጦ ይደርስባታል፣ ተከላካዩን በትከሻው ገፋ አድርጎ ያገባል። ወላጅ ያጨበጭባል። መሃል ሜዳ ላይ ደግሞ ማሊያው የሰፋው አንድ ቀጫጫ አማካይ ኳሷ ሳትደርሰው ሁለቴ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ በአንድ ንክኪ ለጓደኛው ያቀብላል። እሱን ልብ ያለው የለም።

ከሁለቱ ማን ከፍ ይበል? እኔ ጠላዡ ይሂድ እላለሁ። ሽልማት ይገባዋል ብዬ አይደለም። እዚያው ከቆየ ኳስ መጫወት ሳይማር ያድጋል፤ 16 ዓመት ሲሞላው ሌሎቹ በቁመትም በጉልበትም ይደርሱበታል፣ ያኔ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ከፍ ያለው ቡድን ውስጥ ግን ትከሻው አይሠራለትም፤ ቀና ብሎ ማየትና ቶሎ ማቀበል ግድ ይሆንበታል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2015 ከአካዳሚዎቹ ታዳጊዎችን አሰባስቦ በዕድሜ ሳይሆን በአካል ብስለት የተመደቡበት ውድድር አካሂዶ ነበር። የባዝ ዩኒቨርሲቲው ሾን ከሚንግ ያሉበት ቡድን የልጁን ቁመትና ክብደት ከወላጆቹ ቁመት ጋር አገናዝቦ ሲያድግ ቁመቱ የት እንደሚደርስ ይገምታል፤ ከተገመተው ቁመት ከ85 እስከ 90 በመቶ የደረሱት አንድ ላይ ተሰለፉ። ቀድመው ያደጉት ጨዋታው እንደከበዳቸው፣ በጉልበት ፋንታ በማሰብና በማቀበል መጫወት እንዳለባቸው ተናገሩ። ዘግይተው የሚያድጉት ደግሞ ኳስ ይዘው ችሎታቸውን ለማሳየትና ቡድን ለመምራት ዕድል አገኙ።

ቀጫጫው አማካይስ? እሱ ጭንቅላቱ ከቀደመ በሳምንት አንድ ቀን ከታላላቆቹ ጋር ይለማመድ፤ ቅዳሜ ግን ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት። አንድ እርከን መውጣት አንዳንዴ ሌላ ስፖርት ውስጥ እንደመግባት ነው። በአሜሪካ ከ12 ዓመት በታች ያሉት በ9 ሰው፣ በ4 ቁጥር ኳስ ይጫወታሉ፤ ከ13 ዓመት በታች ሲባል 11 ሰው፣ 5 ቁጥር ኳስና ሙሉ ሜዳ ይመጣል። የቴስታ ጉዳይም አለ። ፌዴሬሽኑ ባወጣው መመሪያ 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት አይመቱም፣ ከ11 እስከ 13 ያሉት ደግሞ በልምምድ የሚመቱት የተገደበ ነው። ወንዶች በአማካይ 14 ዓመት ገደማ፣ ሴቶች 12 ገደማ ላይ ቁመታቸው የሚመዘዝበት ወቅት አለ፤ ከጉልበት በታች ያለው አጥንትና ተረከዝ በብዛት የሚታመመው ያን ጊዜ ነው። እናት «ጉልበቴን አመመኝ እያለ ነው» ስትል አባት «ስንፍና ነው» ብሎ የሚያልፍበትን ቤት አውቃለሁ። እናትየው ትሰማ።

ዋሽንግተን አካባቢ የኖረ ሰው ፍሬዲ አዱን አይረሳም። በጋና ቴማ የተወለደው ልጅ በ2003 ብቻ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች በሆኑ የዓለም ውድድሮች ተሰለፈ፤ በኤፕሪል 2004 ገና 14 ዓመቱ ሳለ ለዲሲ ዩናይትድ ከአዋቂዎች ጋር ገባ። ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን 17 ጊዜ ተጫውቶ በ2011 መጠራቱ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ለማስፈራሪያ ይነሳል፤ ላሚን ያማል ደግሞ ለማበረታቻ። ያማል በ15 ዓመቱ ለባርሴሎና ተሰልፎ፣ 17 ዓመት በሞላው ማግስት ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር የአውሮፓ ዋንጫን አነሳ። ከዚያው አካዳሚ በ16 ዓመቱ የወጣው አንሱ ፋቲ በኖቬምበር 2020 ጉልበቱ ተጎድቶ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የፋቲ ጉልበት ያለዕድሜው በመሰለፉ ተጎዳ ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የያማልም ዋንጫ ለሰፈራችን የ11 ዓመት ልጅ ማስረጃ አይሆንም። ሦስቱም ከሚሊዮን የተመረጡ ናቸው። ለእኛ ልጅ የሚጠቅመው ቅዳሜ ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካ መቁጠር ነው።

ስለዚህ አሰልጣኙ «ልጃችሁን ከፍ ላደርገው ነው» ሲል ደስታው እንዳለ ሆኖ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጨዋታ ስንት ደቂቃ ይገባል? ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያሳልፈው ወቅት ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ተጫውቶ ከሚያገኘው አይበልጥም። በየት ቦታ ይሰለፋል? የመሃል ሜዳ ልጅ ትንሽ ስለሆነ ብቻ መስመር ላይ ተገፍቶ ኳስ ሳይነካ የሚውልባቸው ቡድኖች ብዙ ናቸው። ካልሆነለት በወቅቱ አጋማሽ ይመለሳል ወይ? ምክንያቱ ምንድን ነው? ስለ ልጁ ጨዋታ ዘርዝሮ ከመለሰ ጥሩ ነው። «የላይኛው ቡድን ሰው ጎድሎበታል» ካለ ግን ጉዳዩ የክለቡ እንጂ የልጁ አይደለም። እምቢ ማለት ይቻላል፤ እምቢ ያለ ወላጅም ልጄን ከቡድን ያባርሩብኛል ብሎ መፍራት የለበትም፤ ሰው የጎደለበት ክለብ ተጫዋች አያባርርም።