የመሬት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር፦ ዳኛው ሲጠይቅ

እስቲ የወረኢሉን ገበሬ እናስብ። በእጁ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ፤ መዝገቡ ግን በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። የድንበር ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤቱ መዝገቡ እንዲቀርብ ያዛል።

መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወርስ? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ይህ ግን በሩን ይከፍታል እንጂ ዳኛውን አያሳምንም። በወረቀት ላይ ስርዝ ድልዝ ለዓይን ይታያል፤ በኮምፒውተር የተለወጠ ስም ግን፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ሥርዓቱ ካልመዘገበ በቀር፣ ዱካ የለውም። ሠራተኞች በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡበት ቢሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይኖረውም።

ክርክር የተነሣበት መዝገብ ደግሞ ፍርድ እስኪያገኝ እንዳይሰረዝ መታገድ አለበት፤ የሚያግደውም ኃላፊ ከወዲሁ ይሰየም። አሮጌውን ደብተር፣ እኔ ብሆን፣ አላስወግደውም፤ አዲሱ የሚመሳከረው ከእርሱ ጋር ነውና።