የፓሽን ፍሩት አበባና የፍሬ አያያዝ

ፓሽን ፍሩት መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ ፍሬው ለጭማቂ የሚፈለግ ሐረግ ነው። ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ሐምራዊው ለወይና ደጋ፣ ቢጫው ለቆላ ይስማማል። ቢጫው ለምልሞና በአበባ ተሞልቶ ሳለ ፍሬ ሳይዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አምራቹ ውሃ ወይም ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ የአበባው ተፈጥሮ ነው።

ሐረጉና ቅጠሉ

ያደገው ቅጠል ሦስት ጣት ያለው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው። በቅጠሉ ብብት ሐረጉ ድጋፍ የሚይዝበት ጥምዝምዝ ክር ይወጣል። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ምርት የሰጡ ቅርንጫፎችን መግረዝ ይጠቅማል።

አበባው

በአበባው መካከል 5 የወንዴ ክፍሎችና ከበላያቸው 3 የሴቴ ጫፎች ይገኛሉ። የሐምራዊው አበባ ንጋት ላይ ይከፈትና ከቀትር በፊት ይዘጋል፤ የቢጫው ግን ቀን 6 ሰዓት ገደማ ተከፍቶ ማታ ይዘጋል። አበባው ከተከፈተ በኋላ የሴቴ ጫፎቹ ወደ ታች ይጎነበሳሉ። ሳይጎነበሱ የሚቀሩ አበቦች ፍሬ አይዙም።

ሐምራዊው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል። ቢጫው ግን የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ የሌላ ሐረግ ብናኝ ያስፈልገዋል። ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያደርሰውም። የማር ንብም ትንሽ በመሆኗ ብናኙን ወስዳ የሴቴውን ጫፍ ሳትነካ ትሄዳለች። ዋናዋ አዳይ ደረቅ እንጨት ሰርስራ የምትኖረው ትልቋ ንብ ናት።

ፍሬው

የሚበላው ክፍል እያንዳንዱን ዘር የሚከብበው ጭማቂ ነው። ስለዚህ ብናኝ በበቂ ካልደረሰ ዘሩ ያንሳል፤ ፍሬውም ቀላልና ባዶ ይሆናል። የበሰለ ፍሬ ራሱ ይወድቃልና በየቀኑ ይለቀም።

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

1. የቢጫውን ቁራጭ ከአንድ እናት ሐረግ ብቻ ወስዶ ማሳ መሙላት አይገባም፤ ሁሉም አንድ ተክል ስለሆኑ እርስ በርስ ፍሬ አያስይዙም። ቁራጩም ሆነ ዘሩ ከልዩ ልዩ ሐረጎች ተወስዶ ተቀላቅሎ ይተከል።
2. አበባ በተከፈተበት ሰዓት ፀረ ተባይ አይረጭ፤ ለትልቋ ንብ ማደሪያ የሚሆን ደረቅ ግንድ በማሳው ዳር ይተው።
3. ንቧ ካነሰች ከሰዓት በኋላ የአንዱን ሐረግ ብናኝ በጣት ወስዶ የሌላውን 3 የሴቴ ጫፎች መንካት ይቻላል። ዝናብ የነካው ብናኝ ስለሚፈነዳ ሥራው በደረቅ ሰዓት ይከናወን።