የቤት ውሻን ጤና ስለ መጠበቅ

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ባልንጀራ፣ የቤትና የከብት ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። በከተሞቻችንም ብዙው ግቢ ያለ ውሻ አይታይም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አድሮ ቤታችንን ከሌባ የሚጠብቀውን ውሻ ከበሽታ የሚጠብቀው ማን ነው? ይህ የባለቤቱ ኀላፊነት ነው፤ የውሻው ጤና የቤተሰቡም ጤና ነውና። ስለዚህ በዚህ ወር ይህንኑ በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፉት በሽታዎች ሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል፤ እንስሳው ሲነክስ ወይም የቆሰለ ገላ ሲልስ ወደ ሰው ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በኋላ ይሆናል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ ግን ሕመምተኛውን ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ሜስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከከተበ ወዲህ፣ በጊዜው የሚሰጥ ክትባት ከሞት እንደሚያድን ታውቋል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው መሠረት፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገምለታል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ውሻ ሁሉ እንዲመዘገብና እንዲከተብ ሕግ አውጥታ፣ በ1957 በሽታውን ከአገሯ አጥፍታለች።

ሁለተኛው ነገር ምግቡ ነው። በዐውደ ዓመት በግ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የተገኘበት ሳንባ ወይም ጉበት ለውሻ ይጣላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከረጢቱ በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ይሆናል፤ የትሎቹ እንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋራ ይወጣና ከጠጉሩ ላይ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እንዲህ ያለው ሥጋ ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ ወይም ይቃጠል። ለውሻው የሚሰጠው ሥጋ የተቀቀለ ይሁን፤ የትል መድኃኒትም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጠው። ልጆችም ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ከዚህ በቀር ንጹሕ ውሃና ከፀሐይና ከዝናም የሚጠለልበት ማደሪያ ያስፈልገዋል፤ ከቁንጫና ከመዥገርም ይጽዳ። ዘወትር በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ጠባዩ ይከፋል፤ ስለዚህ በግቢው ውስጥ ይፈታ እንጂ በመንገድ አይለቀቅ።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ወይም በጨለማ ተሸሽጎ መንጋጋው የተንጠለጠለ ውሻ ሲታይ ማንም አይጠጋው፤ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለቀበሌ ይነገር።

ውሻ ሰውን የነከሰ እንደ ሆነ፦
1ኛ/ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ።
2ኛ/ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ክትባቱን አይተው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።
3ኛ/ ውሻው ከተያዘና ጤነኛ ከመሰለ 10 ቀን ይጠበቅ። ሰውዬው ግን ይህን ቀን ቆጥሮ ሕክምናውን አያዘግይ።

በመጨረሻም ለመምህራን አደራ አለን። በዓለም ላይ፣ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶ 40ው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ብዙ ልጅ ቍጣን ፈርቶ ንክሻውን ይሸሽጋል፤ በዚህም ምክንያት ሊድን የሚችል ነፍስ ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪዎች የሚበላን ወይም ቡችላ የታቀፈን ውሻ እንዳይነኩ፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩ፣ ጥቂት እንኳ ቢቧጨሩ በዚያው ሰዓት እንዲናገሩ ይማሩ። ወላጆችም የተናገረውን ልጅ አይቈጡት፤ ይልቁንም ያመስግኑት።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ አንድ የውሻ ክትባት ብዙ ኀዘንን ያስቀራል።