ከቀዶ ሕክምና ማግስት፦ የሕሙማንን ሕይወት የሚታደገው ምንድን ነው?

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበት አውራ ጎዳና፣ ፋብሪካዎችና ከዕለት ወደ ዕለት የሚሰፉ የመኖሪያ መንደሮች በአንድነት የሚገኙበት በመሆኑ፣ የአደጋ ጉዳተኞችም ሆኑ ምጥ የጸናባቸው እናቶች አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይሻሉ። በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተገነባው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለዚህ ማኅበረሰብ አገልግሎት ከሚሰጡት ተቋማት አንዱ ነው።

ዘመዱን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሸኘ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጋው ሰመመኑን ነው። ሕመምተኛው ሲነቃ ሁሉም እፎይ ይላል። የቅርብ ዓመታት ጥናቶች የሚያመለክቱት ግን፣ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ እፎይታ በኋላ መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 247 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 11,422 ሕሙማን ተከታትሏል። ከቀዶ ሕክምናዎቹ 57.1 በመቶው አስቸኳይ ሲሆኑ፣ አንድ ሦስተኛው በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ነበር። ሕሙማኑ በአብዛኛው ወጣቶች ቢሆኑም የሞት መጠኑ 2.1 በመቶ፣ ማለትም የዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከሞቱት 239 ሰዎች ውስጥ 225ቱ ያረፉት ከቀዶ ሕክምናው ዕለት በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ የታየው ችግርም ኢንፌክሽን ነበር።

ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሰመመን ባለሙያው ከሕመምተኛው ራስጌ አይለይም፤ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ያለማቋረጥ ይከታተላል። ሕመምተኛው ወደ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ሲዛወር ግን አንዲት ነርስ ብዙ አልጋዎችን ትጠብቃለች። ውስጥ ውስጡን የሚፈስ ደም፣ በሕመም ማስታገሻ ሳቢያ የሚዳከም ትንፋሽ ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል ሳይታወቅ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ታዲያ ክትትሉን ማጠናከር ብቻ በቂ ይሆን? ይህን ለመፈተን በ28 አገሮች፣ በ332 ሆስፒታሎች ሁለተኛ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2021 ታትሟል። ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡት ሕሙማን ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ለፊት እንዲተኙ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲታዩና አስታማሚ አብሯቸው እንዲቆይ ታሰበ። ሆኖም የሞቱ መጠን አልቀነሰም። ውጤቱ ክትትል ዋጋ የለውም አያሰኝም፤ ምልክቱን ያየች ነርስ የምትጠራው ሐኪም፣ የሚሰጥ ደምና ኦክስጅን በወቅቱ ካልተገኙ ማየት ብቻውን እንደማያድን ግን ያስገነዝባል።

በአንጻሩ በዚያው በ2021 ከኢትዮጵያ የተገኘ ማስረጃ ተስፋ ሰጪ ነው። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባካሄደው መርሐ ግብር፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የየዕለቱን አሠራር ደረጃ በደረጃ መርምረው ጉድለቱን አረሙ። ትኩረቱም እጅን በአግባቡ መታጠብ፣ የመሣሪያዎችን ንጽሕና ማረጋገጥ፣ ጸረ ባክቴሪያውን ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መስጠት፣ ጎዝ መቁጠርና የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝሩን ከልብ መጠቀም ነበር። በዚህም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ቀንሷል።

ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያስተላልፉት መልእክት ግልጽ ነው። በማግስቱ የሚደርሰው ሞት የሚገታው በማግስቱ በሚደረግ ጥበቃ ብቻ አይደለም፤ ሥራው የሚጀምረው ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት ነው። ጸረ ባክቴሪያውን በሰዓቱ የሚሰጠው በአብዛኛው የሰመመን ባለሙያው በመሆኑ፣ ድርሻው ሕመምተኛውን በማንቃት አያበቃም። ርክክብ ሲያደርግ ምን መታየት እንዳለበትና ማን መጠራት እንዳለበት ለነርሷ ለይቶ መንገር ይጠበቅበታል። እነዚህ ርምጃዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ በየዕለቱ ሳይታለፉ መፈጸምን ግን ይጠይቃሉ።