ጭንቀትን በበረሃ ሩጫ ማራገፍ ይቻላልን?

ማራቶን ሲባል ሁላችንም እናውቃለን። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ይህንኑ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ከማራቶን በብዙ እጥፍ የሚረዝም ሩጫ አለ። ከነዚህ አንዱ በሞሮኮ አገር፣ በሰሃራ በረሃ የሚካሄደው ነው። ስሙ «ማራቶን ዴ ሳብል» ይባላል። ፈረንሳይኛ ሲሆን የአሸዋ ማራቶን ማለት ነው። ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሻሸመኔ ድረስ በእግር እንደ መሄድ ነው። መንገዱ ግን አስፋልት አይደለም። ድንጋይ፣ የደረቀ ሐይቅና የአሸዋ ተራራ ነው። አሸዋው እግርን ይውጣል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሉ ግማሹን ወደ ኋላ ይመልሳል።

ሩጫው በአንድ ቀን አያልቅም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከፋፍሎ ይሮጣል። ከቀኖቹ አንዱ ከሁሉም ይከፋል። በዚያ ቀን 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይኬዳል። ብዙው ሰው ሌሊቱን ጭምር፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ይጓዛል። ሯጩ የሳምንቱን ስንቅና የመኝታ ልብሱን በጀርባው ይሸከማል። የሚሰጠው ውኃና የሚጠለልበት ድንኳን ነው። ውኃውም በልክ ነው።

ይህን ነገር በክፍላችን ባነበብን ጊዜ አንዲት እናት፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ቸግሯቸው ነው? ከብት ጠፍቶባቸው ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ለመሆኑ የሚበላውና የሚተኛበት ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ በበረሃ የሚሮጠው ለምንድን ነው?

አንዳንዱ ለመሽቀዳደም ይሄዳል። አንዳንዱ አገር ለማየት ይሄዳል። ብዙዎች ግን ከባድ ጊዜ አሳልፈው የሚመጡ ናቸው። ሥራ ያደከመው አለ። ትዳሩ የፈረሰ፣ ዘመድ የሞተበት፣ ከሕመም የተነሣ አለ። በከተማ ውስጥ ልባቸው አልረጋ ሲል፣ በረሃው ያሳርፈናል ብለው ይነሣሉ። ታዲያ ያሳርፋቸዋል ወይ? ለዚህ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ ጭንቀት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጭንቀት በሐሳብ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ እነዚህ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞችን ወደ ደም ይለቃሉ። ያን ጊዜ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ትንፋሽ ይፈጥናል። ጡንቻ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ማታ መንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥመን ይህ ዝግጅት በጣም ይጠቅመናል። ጅቡ ሲሄድ ሰውነታችንም ቀስ በቀስ ይረጋል።

ነገር ግን ቶሎ የማይሄድ ጅብ አለ። ዕዳ ነው። የታመመ ልጅ ነው። ከአለቃ ጋር ያለ ጠብ ነው። ይህ ዓይነቱ ጅብ ወር ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ሰውነትም ሁልጊዜ እንደተዘጋጀ ይኖራል። እንቅልፍ ይጠፋል። የደም ግፊት ይጨምራል። በሽታን የመከላከል ኃይል ይቀንሳል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ ከዚህ ጥቂቱን እናየዋለን። መጽሐፉ ተገልጦ ዓይን ያያል፤ አእምሮ ግን አይቀበልም።

እዚህ ላይ ሩጫ ይጠቅማል። ለመሮጥ የተዘጋጀው ጡንቻ ሥራ ያገኛል። ሰውዬው ሲሮጥ ሐሳቡ ከዕዳው ወደ ትንፋሹና ወደ እግሩ ይመለሳል። ማታም እንቅልፉ ይሻሻላል። ይህ በሐኪሞች የተረጋገጠ ነው። ለዚህ ግን ሰሃራ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድም ብዙ ይረዳል። ማሳ ላይ ሲቆፍር የዋለ ገበሬማ ምን ሩጫ ያስፈልገዋል?

የበረሃው ሩጫ ግን ሌላ ነው። እርሱ ራሱ ጭነት ነው። አህያ የተጫነችው ጤፍ ይሁን ጨው አትለይም። የምታውቀው ክብደቱን ነው። ሰውነትም እንደዚሁ ነው። የሥራው ድካም፣ የሐዘኑ ድካም፣ የሩጫው ድካም ሁሉም አንድ ጀርባ ላይ ይደረባል። ስለዚህ ከጭንቀት ገና ያልወጣ፣ በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው በቀጥታ ወደ በረሃ ቢሄድ፣ በእኔ አስተያየት፣ በቁስል ላይ ጨው እንደ መነስነስ ነው። መጀመሪያ ይተኛ። ይብላ። ከዚያ ወራት ወስዶ ከትንሽ ርቀት ጀምሮ ይለማመድ። ሩጫው ያዳናቸው የሚመስሉን ሰዎች ብዙውን ጊዜ የዳኑት በዚህ የልምምድ ጊዜ ነው። በየቀኑ በሰዓቱ መነሣት፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ከጓደኛ ጋር እየተጫወቱ መሮጥ። የበረሃው ሳምንት የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው።

ሙቀቱንም እንመልከት። ሰው በሙቀት ሲሮጥ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ያልበዋል። ላብ ውኃ ብቻ አይደለም። ቀምሰነው እንደምናውቀው ጨው አለበት። ስለዚህ ውኃ ብቻ እየደጋገመ የሚጠጣ፣ ጨው ግን የማይወስድ ሯጭ ይታመማል። በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ግራ ይጋባል። ሲብስም አንጎል ያብጣል፤ ሰውዬውም ሊሞት ይችላል። ውኃ ማጣት እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል። ውኃ ማብዛት እንደሚገድል ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ይህ ለሯጭ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከደጋ ወደ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ ሠራተኛም ልብ ሊለው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጥቂት እየሠሩ፣ ጥላ እያረፉ መልመድ ይሻላል። በሙቀት ውስጥ ሲሠራ የነበረ ሰው መቀባጠር ወይም መንገዳገድ ከጀመረ፣ ሰውነቱም እንደ እሳት ከጋለ፣ ላቡ ቢኖርም ባይኖርም ነገሩ ብርቱ ነው። ቶሎ ወደ ጥላ ውሰዱት። ልብሱን አውልቁለት። ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፤ አራግቡለት። ወዲያውኑም ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አይሰጥም።

በ2021 የአሸዋ ማራቶን በኮቪድ ምክንያት ከወቅቱ ተዛውሮ በጥቅምት ወር ተካሄደ። ሙቀቱ እጅግ የበረታ ነበር። የሆድ በሽታም ተጨመረበት። በጣም ብዙ ሯጮች አቋረጡ። አንድ ሯጭም በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ይህን ውድድር የጀመረው ፓትሪክ ባወር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1984 የአልጄሪያን በረሃ ብቻውን በእግሩ አቋረጠ። 350 ኪሎ ሜትር በ12 ቀን ሄደ። በመንገዱ ላይ ውኃ የሚያገኝበት ስላልነበረ ውኃውንም ስንቁንም ተሸክሞ ነው። ከተመለሰ በኋላ፣ ይህን ሌላውም ሰው ይየው ብሎ ውድድሩን አሰናዳ። በ1986 በመጀመሪያው ውድድር የተሰለፉት 23 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው ከየአገሩ ይመጣል።

ከሁሉም የሚበልጡት ሯጮች ግን የበረሃው ልጆች ናቸው። ላህሰን አሃንሳል የሚባለው ሞሮኳዊ 10 ጊዜ አሸንፏል። ወንድሙ መሐመድ 5 ጊዜ አሸንፏል። ቤተሰባቸው ከብት እያረባ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ዘላን ነበር። የእኛዋ እናት ያሉት ነገር እዚህ ላይ ልክ ይመጣል። የበረሃ ልጅ መሮጥ የሚማረው የጠፋ ፍየል ሲፈልግ ነው።

በረሃ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ የማውሮ ፕሮስፔሪ ታሪክ ያሳያል። ጣልያናዊ ነው። ፖሊስ ነበር። በስፖርትም የታወቀ ሰው ነበር። በ1994 በዚሁ ውድድር፣ በረዥሙ ቀን፣ ብርቱ የአሸዋ ማዕበል ተነሣ። ሌሎቹ ቆሙ። እርሱ ግን ቦታዬን እለቃለሁ ብሎ ወደ ፊት ሄደ። ማዕበሉ ለሰዓታት ቆየ። ጸጥ ሲል መንገዱም ሰውም የለም። ውኃው ሊያልቅ ደርሷል። ሄሊኮፕተር በላዩ አለፈ፤ አላየውም። የራሱን ሽንት ጠጣ። ሰው የማይኖርበት የቅዱስ ሰው መቃብር አግኝቶ ገባ። እዚያም የሌሊት ወፍ እየያዘ ደሟን ጠጣ። ተስፋ ቆርጦ ነበር።

በኋላ ግን አንድ ምክር ትዝ አለው። ከሩጫው በፊት የበረሃ ሰዎች፣ «ከጠፋህ ጎሕ ሲቀድ በአድማስ ላይ ወደምታየው ደመና ሂድ» ብለውት ነበር። እንደዚያው አደረገ። ጧትና ማታ እየሄደ፣ ቀትር ላይ ጥላ እየፈለገ ተጓዘ። ከብዙ ቀናት በኋላ የፍየል ዱካ አየ። ቀጥሎም ፍየል የምትጠብቅ ትንሽ ልጅ አየ። ልጅቷ ስታየው ደንግጣ ሮጠች። ከዚያ ሴቶች መጥተው የፍየል ወተት ሰጡት። የተገኘበት አገር ሞሮኮ አልነበረም። አልጄሪያ ገብቶ ነበር። ከመንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ክብደቱም ከ15 ኪሎ በላይ ቀንሶ ነበር። ጉበቱ ተጎድቶ ስለነበረ ለመዳን ረዥም ጊዜ ወሰደበት።

በ1998 ይኸው ሰው እንደገና በዚያው ውድድር መነሻ ላይ ተሰልፎ ታየ።