የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምግቦችን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ስለ ማዘጋጀት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ሚሲሲፒ፣ ሉዊዚያናና አጎራባቾቻቸው የሆኑት የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች በምግባቸው የታወቁ ናቸው። የምግባቸው መሠረት ካውፒ፣ ኦቾሎኒ፣ ስኳር ድንች፣ ባሚያ፣ ጎመንና በቆሎ ነው። ከእነዚህ መካከል ካውፒና ባሚያ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር ባሕር የተሻገሩ ሰብሎች ናቸው። ጎመናቸውም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የሐበሻ ጎመን የተገኘው የእነርሱ ጎመን ዝርያ ከጥቁር ሰናፍጭ ጋር በተፈጥሮ ተዳቅሎ ነው።

ይሁን እንጂ በተለመደው አሠራር ጎመኑና ካውፒው ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላሉ፤ የበቆሎ ዳቦውም በስብ፣ በእንቁላልና በአሬራ ይዘጋጃል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው እነዚህን አስቀርቶ ጣዕሙን ማቆየት እንዴት እንደሚቻል ነው።

የካርቨር ሥራ

ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆነን ራሱ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የነበረ ሰው ነው። በባርነት የተወለደው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1896 አላባማ ወደሚገኘው የተስኪጊ ተቋም መጣ። በዚያን ጊዜ መሬቱ ዓመት ከዓመት ጥጥ እየተዘራበት ተሟጥጦ ነበር። ካርቨር ገበሬዎች ናይትሮጂን ወደ አፈር የሚመልሱትን ካውፒና ኦቾሎኒ እንዲዘሩ መከረ። ነገር ግን ገበሬ የማይበላውንና የማይሸጠውን ሰብል ደጋግሞ አይዘራም። ስለሆነም ካርቨር ከአዘራሩ ጋር አበሳሰሉንም የሚያስተምሩ ትንንሽ ጽሑፎች አወጣ። ስለ ካውፒ አበሳሰል የጻፈው በ1908፣ ኦቾሎኒን በ105 ዓይነት ስለ ማዘጋጀት የጻፈው ደግሞ በ1916 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ከ1906 ጀምሮም መሣሪያና ናሙና የጫነ በእንስሳት የሚጎተት ጋሪ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን በደቡቡ ድሃ ሕዝብ ላይ ፔላግራ የሚባል በሽታ ወድቆ ነበር። በሽታው ቆዳን ያቆስላል፣ ያስቀምጣል፣ አእምሮን ያናውጣል፣ በመጨረሻም ይገድላል። ከ1914 ጀምሮ ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ባደረጉት ምርምር መንስኤው ተላላፊ ተሕዋስ ሳይሆን ምግብ መሆኑ ታወቀ። ሕዝቡ የሚበላው የበቆሎ ዱቄት፣ የስኳር አተላና የአሳማ ጮማ ብቻ ነበር። በ1937 የጎደለው ንጥረ ነገር ናያሲን መሆኑ ተረጋገጠ። በቆሎ ናያሲን ቢኖረውም አካል ሊጠቀምበት በማይችል ሁኔታ የታሰረ ነው። ኦቾሎኒ ግን ናያሲን የበዛበት ነው። እንግዲህ ሥጋው በቀረበት ማዕድ ላይ የበቆሎ ዳቦ ብቻውን መቅረብ የለበትም።

የሥጋውን ሥራ መተካት

የተጨሰው ሥጋ ለወጡ የሚሰጠው ጨው፣ የጭስ ሽታ፣ ስብና የመረቁን ውፍረት ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው ይተካል። ግማሽ ኪሎ ካውፒ ለቅሞ፣ አጥቦና ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር። ሁለት ራስ ሽንኩርት በግማሽ ኩባያ ዘይት በደንብ እስኪቀላ ማቁላላት፤ የስቡን ቦታ የሚይዘው ይህ ስለሆነ አይቸኮልበትም። ነጭ ሽንኩርትና በምጣድ ጠቆር እስኪል የታመሰ የዛላ በርበሬ ጨምሮ፣ ካውፒውን ከውኃ ጋር ማብሰል። ሲበስል አንድ ጭልፋ አውጥቶ በመደቆስ መልሶ መጨመር መረቁን ያወፍረዋል። ከሩዝ ጋር ሲቀርብ በደቡቡ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት የሚበላው ምግብ ነው። ጎመኑም በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ ሆምጣጤው ግን ቅጠሉን ስለሚያጠወልገው ከእሳት ሲወርድ ይጨመር። መረቁ አይደፋ፤ በደቡቡ የበቆሎ ዳቦ እየተነከረ ይበላል።

በካውፒ ፈንታ ቀይ ቦሎቄ የሚጠቀሙ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ መርዝ አለው። የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፤ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፈላ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ ይብሰል። በደጋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጊዜው ከዚህም መርዘም አለበት። በአመድ ውስጥ ወይም በለሰስ ያለ እሳት ብቻ ማብሰል አይበቃም።

የእንቁላሉንና የአሬራውን ሥራ መተካት

እንቁላል ያያይዛል፤ አሬራ ደግሞ በኮምጣጣነቱ ከሶዳ ጋር ተዋህዶ ሊጡን ያነሣዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ቢቆይ እንደ አንድ እንቁላል ያያይዛል። ለአሬራው፣ በአንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ሲጨመር ወተቱ ይረጋል። ከዚህ ጋር አንድ ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይደባለቃል። ስንዴውን ለመቆጠብ የተውን ጊዜ ዳቦው እንደ አሸዋ ፈረሰብን፤ በቆሎ የሚያያይዝ ሙጫ የለውም። ሊጡ የሚፈሰው ዘይት ተቀብቶ በጋለ ብረት ድስት ላይ ነው። ቅርፊቱ የሚገኘው ከዚህ ግለት ነው። በጋለ ምድጃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል።

ካርቨር የዶሮ ምትክ ብሎ የጻፈው ምግብም አለ። የተቀቀለ ስኳር ድንች በስሱ ተቆርጦ የተፈጨ ኦቾሎኒ ይቀባና ይጠበሳል። እርሱ እንቁላል ተጠቅሟል፤ እኛ ግን ወፈር ተደርጎ በውኃ የተበጠበጠ የሽምብራ ዱቄት ብንተካ የጾም ምግብ ይሆናል። ከሁሉም ለሠርቶ ማሳያ የሚመረጠው ይህ ነው፤ ልጆች ይሻሙበታል።

ስለ ኦቾሎኒ አያያዝ

እንደ ባቢሌ ባሉ ኦቾሎኒ አምራች አካባቢዎች የሚገኙ ማኅበራት ይህን በተለይ ያስተውሉ። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ኦቾሎኒ የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ያመነጫል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ መርዙን አያጠፋውም። የሻገተው፣ የጨማደደውና ቀለሙ የተለወጠው ፍሬ ተለቅሞ ይጣል፤ ለዘይት መጭመቂያ ወይም ለከብት መኖ ተብሎ አይቀመጥ። ጤነኛው ፍሬ በደንብ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ ይከማች።

ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች ቫይታሚን ቢ12 ከአትክልትና ከጥራጥሬ አያገኙም። በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ቫይታሚኑን በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት ስላለባት፣ የልማት ሠራተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካት።